ለግሬደሩ የገዛሁት ሰንሰለት

ለእህቴ ልጅ፣ ለፍንጭቷ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽ እንዴት ነው? መንጋጋሽስ? ስታኝኪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ተሻለሽ? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ጉልበቷን ያማታል፤ ምላሷን ግን ምንም ስላልነካው ጠዋት ማታ እኔን ትወርፍበታለች። ዶሮዎቿም ከአንዷ በቀር ደህና ናቸው። አንዷን ወደ ኋላ ስመለስ በግሬደር ጎማ ጨፈለቅኳት። በእሷ ደም የምጠየቀው እኔው ነኝ፤ አልክድም።

ያልደወልኩልሽ ባልሽ ለሥራ ሲወጣ ስልክሽንም ኪሱ ከቶ እንደሚወጣ በዓይኔ ስላየሁ ነው። አሁንም ሆስፒታል ትራሱ ሥር ነው ያለው። ስለዚህ ይህን ወረቀት በእጁ የሚያደርስልሽ በባልሽ ሎቤድ ላይ የሚሠራው ሽበታሙ ረዳት ነው። ወንበር ስጪው፣ ውሃ ስጪው። ስለ አደጋው ብትጠይቂው ምንም አላየሁም ይልሻል። እውነቱን ነው። ምን እንዳላየ ግን አብጠርጥሮ ያውቃል።

ባልሽን ትንሽ አደጋ አግኝቶታል ብለው እንደነገሩሽ ሰምቻለሁ። ከወሬ አቀባይ ከምትሰሚው ከአጎትሽ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ፣ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ ተቀመጥኩ።

መጀመሪያ ያ መልእክትሽ መጣ። ከደረጃ ወደቅሁ፣ ጥርሴ ተሰበረ፣ ለክፉ አይሰጥም ያልሽው። እናትሽ ስትሰማ አለቀሰች፤ እኔ ሳቅሁ። በልጄ ስብራት ትስቃለህ ብላ በማማሰያ ጀርባዬን አቀመሰችኝ። እንግዲህ ያንን ቤት ስትገቡ አልጋችሁን በትከሻዬ ተሸክሜ ያስገባሁት እኔ አይደለሁ? ከመንገድ ቀጥ ብለሽ የምትገቢበት ቤት ነው። ጎርፍ ሳያንኳኳ ይገባባችኋል ብዬ በባልሽ ላይ የቀለድኩት ለዚያ ነበር። እናም ለእናትሽ፣ ደረጃ በሌለው ቤት ከደረጃ የወደቀች የመጀመሪያዋ ሰው የአንቺ ልጅ ናት አልኳት። ከዚያ በኋላ እሷም አላለቀሰች፣ እኔም አልሳቅሁ። ማማሰያዋን አስቀምጣ፣ ሂድና ልጄን አምጣልኝ አለችኝ።

በምን ላምጣሽ? አንድ ጊዜ ላኳት ባልነው ቁጥር ባልሽ ምን ነበር የሚለን? መኪናዬን እዚያ ጉድጓድ ውስጥ አልሰብርም፣ ሚስቴንም በአውቶቡስ አልሰድም፣ መንገድ ሲኖራችሁ ራሴ አመጣታለሁ። እሺ፣ መንገድ ይኑረን አልን። መንደሩ እንደሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር መንገዱ እየተቦረቦረ ተማሯል። ማሽን ከመከራየት አርጅቶም ቢሆን የራሳችንን እንግዛ የሚል ወሬ ሲነሳ፣ እሳቱ ላይ ጭራሮ የጨመርኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ እህሉን ገበያ ለማድረስ አዋጣ። እኔና እናትሽ ግን ሌላ የምናመላልሰው ነገር ነበረን።

ማሽን ያውቃል ተብዬ ግሬደር እንድገዛ ተላክሁ። የማሽን እውቀቴ የሰው ዕቃ እየፈታሁ ያገኘሁት ነው፤ ከፈታሁት ግማሹን መልሼ እንዳልገጠምኩት መንደሩ ረስቶልኛል።

አንድ የከሰረ የመንገድ ሥራ ድርጅት ዕቃውን ያከማቸበት ግቢ አለ። በያዝኩት ብር ሊገዛ የሚችለው አንድ ብቻ ነበር፦ ቀለሙ የረገፈ፣ መስተዋቱ የወለቀ፣ የግራ ጎማዎቹ ከቀኝ ጎማዎቹ ጋር የማይተዋወቁ ሽማግሌ። ስታይው እኔን ነው የሚመስለው። ሞተሩን አስነስቼ ሳዳምጠው ደረቱ ደህና ነው። ሕመሙ ምላጩ ላይ ነው፤ ያ ከሆዱ ሥር ሆኖ መሬቱን የሚልገው ረጅም ብረት። ወደ ላይ የሚያነሳው የዘይት ኃይል ስላረጀ ከፍ ብሎ መቆየት አይችልም፤ ቀስ እያለ ይወርዳል። የግቢው ዘበኛ፣ ትሑት ስለሆነ ነው፣ ቀና ማለት አይወድም አለኝ። ዘበኛውንም ግሬደሩንም ወደድኳቸው።

ተስማምቼ ልጨርስ ስል ብረት ቆራጮች የጋዝ ሲሊንደራቸውን እየገፉ ገቡ። ያሻሻጠኝ ደላላ ለእኛ ለመንገድ፣ ለእነሱ ለቁርጥራጭ ብረት አንዱን ማሽን ሁለቴ ሸጦት ኖሯል። እኔ ምን ላድርግ? ዘልዬ ወንበሩ ላይ ወጣሁና አልወርድም አልኩ። አለቃቸው፣ አንተ ሽማግሌ፣ ካልወረድክ ከነነፍስህ ነው የምንቆርጥህ ሲለኝ፣ በእግሬ በኩል ጀምሩልኝ፣ ሪህ አለብኝ አልኩት። ሰዎቹ ቀልድ አይወዱም። በብሎን ወገሩኝ። አንዱ ግንባሬን ፈነከተኝ። ደላላውን ደግሞ በፀጉሩ ይዘው ከጎማው ጋር እያላተሙ አፍንጫውን ደፈጠጡት፤ በጥርሱ መሃል ደም እየተፋ ብሩን ለሁለታችሁም እመልሳለሁ እያለ ይምላል። አለቃቸው እኔን በቁርጭምጭሚቴ ይዞ ሊያወርደኝ ሲጎትት ዘበኛው የውሃ ቧንቧ ይዞ ከኋላው ደረሰና ጉልበቱ ላይ አሳረፈበት። አጥንቱ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ከላይ ሆኜ ሰማሁት። የቀሩት አለቃቸውን ተሸክመው ሄዱ፤ ማሽኑ ለእኔ ቀረ።

ይህን ለሌላ ሰው ስነግር እያሳቅሁ ነው። ለአንቺ ግን አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ያ ድምፅ አላስጠላኝም። ዓይኔ ውስጥ የገባውን ደም እየጠረግሁ፣ ምነው እንደገና ባሰማኝ አልኩ። ከቀልደኛው አጎትሽ የማይጠበቅ ነገር ነው። እኔም ከራሴ አልጠበቅሁትም።

በተረፈችኝ ብር ሰንሰለት ገዛሁ። ያ ትሑት ምላጭ ወርዶ መንገድ እንዳያርስ ቀና አድርጎ ከማሽኑ ወገብ ጋር የሚያስረው ነገር ያስፈልጋል። እያንዳንዷ ቀለበት የአውራ ጣቴን ያህል ትወፍራለች፤ ሁለቱ ጫፎቿ በአንድ ወፍራም ፒን ይያያዛሉ። ሻጩ ከፈለግህ ዝሆን አንጠልጥልባት አለኝ። በዚያ ማሽን ላይ አዲስ ነገር ቢኖር እሷ ብቻ ነበረች።

አሁን የቀረው ማጓጓዙ ነው። በራሱ ጎማ ቢሄድ ክረምቱ ቀድሞት ይገባል። ከባድ ማሽን በሚሸከመው ረጅም መኪና፣ በሎቤድ ቢጫን ደግሞ የቀረን ብር የሎቤዱን ጎማ እንኳ አያስነፋም። በዚያ ዋጋ ከዘመድ በቀር ማን ይጭናል? ሎቤድ የሚነዳው ባልሽ ዘንድ መጣሁ። ለአማቴ አገር ነው ብሎ ወዲያው እሺ አለኝ። ሰው ፊት ደግ ነው፤ ይህን ማንም አይነሳውም።

እራቱን አንቺም ታስታውሽዋለሽ። ነገር ግን እኔ ከተቀመጥኩበት ሆነሽ አላየሽውም። ሻርፕሽን እስከ አገጭሽ ጠቅልለሽ ሾርባ አቀረብሽልን። እኔም እንደ ልማዴ፣ ያቺ ፍንጭት ወዴት ሄደች፣ በር ሆነች እንዴ ብዬ ለከፍኩሽ። አፍሽን በእጅሽ ሸፍነሽ ሳቅሽ። ከዚያ ባልሽ ጨው አማረው። ጨዉ ከአንቺ ወዲያ ነበር። ክንዱን ሲዘረጋ አንገትሽ ተቀበረ፤ ዓይንሽ ተጨፈነ፤ ትከሻሽ ጆሮሽ ድረስ ወጣ። ጨው ነበር የፈለገው። አንስቶ ሾርባው ላይ ነሰነሰ፤ አንቺን አላየም። አንቺም ዓይንሽን ገልጠሽ ዳቦውን መቁረስ ቀጠልሽ። እኔ የደላላውን አፍንጫ እያስመሰልኩ ሁለታችሁንም አሳቅኋችሁ። ሾርባዬን ሳልጨርስ መነሳቴን ግን ሳትታዘቢኝ አትቀሪም።

በማግስቱ ግቢው ስንሄድ ግሬደሩ አልነሳ አለ። ባልሽ መዶሻ አንስቶ ሞተር ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ አንድ ሁለት ጊዜ ሲያቀምሰው ተነሳ። ወደ እኔ ዞሮ፣ አዩ ጋሼ፣ ሳይመቱት የሚሠራ ነገር የለም አለኝ። ለሞተሪኖ እውነት ነው አልኩት። ለሁሉም ነው አለኝና ሳቀ። ጥርሱ ሙሉ ነው፤ አንድ አልጎደለበትም።

ሎቤዱ ላይ ስናወጣው የምላጩ የዘይት ቱቦ ፈነዳና ትኩሱ ዘይት ረዳቱ ደረት ላይ ተረጨ። ሰውየው እየጮኸ ሸሚዙን ሲያወልቅ ባልሽ ሮጦ ደረሰለት። ሊረዳው መስሎኝ ነበር። ቱቦውን የረገጥከው አንተ ነህ ብሎ በጥፊ አጮለው። በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ነው፤ የልጅ ልጅ አይቷል። ጥፊው ሳያርፍ በፊት ምን እንዳደረገ አየሁት። አንገቱ ተቀበረ፣ ዓይኑ ተጨፈነ፣ ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጣ። ከአንቺ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማረ ነው የሚመስለው።

ቱቦው ከፈነዳ ወዲያ ምላጩን ከሰንሰለቷ በቀር የሚይዘው አልነበረም። በክሪክ አንስተን አሰርነውና ፒኑን ከተትኩ። ለሁለቱም ነገርኳቸው፦ ከእንግዲህ ሰንሰለቷ ከለቀቀች ምላጩ ቀስ ብሎ አይወርድም፣ ይወድቃል፤ ክሪክ ሳትተክሉ ጣታችሁን እንኳ ሥሩ እንዳታስገቡ። ባልሽ እሺ አስተማሪው ብሎ ሰላምታ ሰጠኝ። እንግዲህ ነግሬዋለሁ። ልብ በይልኝ።

በመንገድ ላይ አንድ ጠባብ ድልድይ አለ። ግማሹን እንደሄድን ከወዲያ አንድ የቦቴ ሾፌር ገባና አልመለስም አለ። ባልሽ ወርዶ በመስኮቱ በኩል አንገቱን ይዞ አወጣው። ሰው በዚያች መስኮት ይወጣል ብለሽ አታምኚም፤ ወጣ። አስፋልቱ ላይ ጥሎ ፊቱን በጫማው፣ ከዚያም በቡጢ፣ ከዚያም በገዛ መኪናው በር መታው። በሩን ሲዘጋበት የሰውየው ጆሮ መሃል ነበር። እኔና ረዳቱ ከኋላ ታቅፈን ባንስበው ኖሮ ወንዝ ውስጥ ይከተው ነበር። ሾፌሩ በእጁ እየዳበሰ ተነስቶ መኪናውን ወደ ኋላ መለሰ። ባልሽ እጁን በምንጠጣው ውሃ ታጠበና እያንጎራጎረ መንዳት ጀመረ።

ያ ሰው ከእንግዲህ ያውቀኛል አለኝ። ሰው እስኪያውቅህ ድረስ ነው ዱላ የሚያስፈልገው ብሎ ጨመረ። እኔም እየሳቅሁ፣ የእህቴ ልጅስ እስካሁን አላወቀችህም ወይ አልኩት። እሱም እየሳቀ፣ እሷ ቶሎ ትረሳለች ጋሼ አለኝ።

መንገዱን ሙሉ እየሳቅሁ ሄድኩ። በየማረፊያው እየወረድኩ ማሽኑን ግራሶ እቀባለሁ። ባልሽ ሽማግሌውን ሙሽራ አደረጉት እኮ እያለ ይቀልድብኛል። ጠንቃቃ መሆኔ ነው። መገጣጠሚያ የሚባል፣ ብሎን የሚባል፣ ፒን የሚባል ሳልቀባ ያለፍኩት የለም።

መንደራችን መግቢያ የደረስነው ፀሐይ ዘንበል ስትል ነው። ማውረጃ መድረክ የምንሠራበት ስለሌለን ሎቤዱ ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ቆመ፤ ማሽኑ በቀጥታ አፈሩ ላይ እንዲወርድ። ሕዝቡ ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር። አደገኛ ሥራ ነው ብዬ ሁሉንም ዳገቱ አናት ላይ አስወጣኋቸው። እናትሽም እዚያው ነበረች፤ ልጄስ ብላ ባልሽን በምልክት ስትጠይቀው በእጁ ሌላ ጊዜ አላት።

የማሽኑን ጎማ የሚያስቆመው ታኮ በመንገዱ ንዝረት ተንሸራቶ ከምላጩ ሥር ገብቷል። እሱ ሳይወጣ ማሽኑን መፍታት አይቻልም። ባልሽ ቸኩሏል። ረዳቱን ግባና አውጣው አለው። ረዳቱ እኔን አየኝ። እኔ ምንም አላልኩም። ክሪክ ላምጣ አለ ረዳቱ። በጥፊ አለው። ሁለተኛውን ሊደግም እጁን ሲያነሳ ያ የማውቀው ነገር ሆነ፤ አንገት፣ ዓይን፣ ትከሻ። ባልሽ፣ ፈሪ፣ ከአንተስ ሚስቴ ትሻላለች አለና ተንበርክኮ ቀኝ እጁን ሥሩ ሰደደው።

እኔ በሰንሰለቷ በኩል ነበርኩ። አንድ ያስቸገረኝን ብሎን ላስተካክል መዶሻ ይዣለሁ።

ሰንሰለቷ ተበጠሰች።

ምላጩ ሲያርፍ ሎቤዱ ከነጎማው ዘለለ። ባልሽ መጀመሪያ አልጮኸም። እጁን ሳብ አደረገ፤ አልመጣለትም፤ እንደገና ሳበ። ቆዳው ሲመጣና አጥንቱ ሲቀር ነው የጮኸው። ደሙ በብረቱ ላይ ወርዶ አፈሩን አጨቀየው። ረዳቱ ክሪኩን ሲያመጣ አልሮጠም፤ የማየው ነገር ሁሉ ዝግ ብሎብኝ ይሁን እንጃ፣ ሲራመድ ነው የማስታውሰው። ቀበቶዬን ፈትቼ ክንዱን አጥብቄ ያሰርኩት ግን እኔ ነኝ። አለዚያ ደሙ ፈስሶ ያልቅ ነበር። ይህንንም ልብ በይልኝ። ሐኪሞቹ ከእጅ አንጓው ከፍ አድርገው ቆረጡት። ቀኙን ነው።

ፖሊስ መጥቶ ጠየቀኝ። ያረጀ ማሽን፣ ያረጀ ሰንሰለት፣ የድሃ ሥራ፣ ተበጠሰ፣ ምን ይደረግ አልኩት። ሰንሰለቱስ የታለ ሲለኝ፣ በግርግሩ መሃል ማን እንዳነሳው እንጃ አልኩ። ረዳቱ ዞር ብዬ ነበር አለ። እናትሽ ዓይኔ ደክሟል ልጄ አለችው፤ ያቺ በጨረቃ መርፌ ላይ ክር የምታስገባ ሴትዮ። ፖሊሱ አደጋ ነው ብሎ ሄደ።

ሆስፒታል ልጠይቀው ብርቱካን ይዤ ሄጄ ነበር። ግድግዳውን እያየ ነው የተኛው። ትንሽ አጫወትኩት፤ አልሳቀም። ትራሱ ዘንበል ብሎ ስለነበር ላስተካክልለት እጄን ዘረጋሁ። አንገቱ ተቀበረ፤ ዓይኑ ተጨፈነ፤ ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጣ።

እንዲህ ሲሆን ባየው ደስ ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም። ትራሱን አስተካክዬ፣ ብርቱካኑን ልጬ በግራው በኩል አስቀምጬለት ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ሳቄ እንደ ግሬደሩ ሞተር ሆኗል፤ ይነሳል፣ ግን ዘግይቶ ነው። ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።

ነርሶቹ በግራው ማንኪያ መያዝ ጀምሯል፣ ጎበዝ ነው፣ ቶሎ ይለምዳል አሉኝ። ሲለምድ ወደ ቤቱ ይሰዱታል። ይህን የጻፍኩልሽ ለዚህ ነው። የሎቤዱን መሪ ይዞ የመጣው ረዳቱ ነው፤ መኪናውን ደጃፍህ አደርሳለሁ ብሎ ባልሽን አስፈቅዶታል። መኪናውን አቁሞ በአውቶቡስ ይመለሳል። ሁለት ትኬት እንዲቆርጥ ነግሬዋለሁ። መምጣትም መቅረትም የአንቺ ነው፤ ብትቀሪ አልቀየምሽም፣ በሁለተኛው ትኬት የሚተኛበት ቦታ ያገኛል። ብትመጪ ግን ዕቃ አትሸከሚ። ልብስሽን እናትሽ ካገባሽ ጀምሮ እያጠበች እያሰጣች ነው፤ ጎረቤቱ ልጅቷ ያላገባች ነው የሚመስለው።

መንገዱ አልቋል። ቱቦውን ለወጥኩና ከዋናው መንገድ እስከ እናትሽ በር ድረስ ላግሁት። ከእሷ በር ወዲያ ያሉት ጎረቤቶች ለምን እዚያ ቆመ እያሉ ያጉረመርማሉ፤ ይደርሳቸዋል።

የግቢውን በር ነፋስ እየከፈተው ዶሮዎቹ መንገድ ላይ እየወጡ አስቸግረውን ነበር። አሁን በሰንሰለት ነው የምዘጋው። ጠንካራ ናት፤ እያንዳንዷ ቀለበት አውራ ጣቴን ታክላለች፣ አንዲትም አልጎደለችባት። ፒኗ ብቻ ጫፉ ላይ ትንሽ ተደፍጥጧል፤ ቢሆንም ይገባል፣ ይወጣል። ስትደርሺ ከውጭ ጥሪኝ፤ የምከፍትልሽ እኔ ነኝ። ሰንሰለቷን ከላይ ስለሰቀልኳት ስከፍት እጄን ወደ ላይ አነሳለሁ። ለእሷ ነው የማነሳው። እንዳትደነግጪ።

አንብበሽ ስትጨርሺ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ክተቺው። ፈጣሪ መንጋጋሽን ይጠግንልሽ፤ እንቅልፍሽን ይመልስልሽ፤ አፍሽን ሳትሸፍኚ የምትስቂበትን ቀን ለእናትሽ ያሳያት። መንገድሽንም እሱ ያቅናልሽ፤ በእኔ በኩል ያለውን ልጌዋለሁ።

ከልጅነትሽ ጀምሮ ሲያበሽቅሽ የኖረው፣
ተንኮለኛው አጎትሽ